የሞተር ሳይክል ፍሬን ብሎን ቀዳዳ ጥርሱ ሲበላ ምን ይደረጋል?

ብሎኑን እያጠበቃችሁ ነው። መጀመሪያ ይገባል፣ ቀጥሎ ይከብዳል፣ በቃ ሊቆም ነው ስትሉ ድንገት እጃችሁ ላይ ይቀላል። ቁልፉ ይዞራል፣ ብሎኑ ግን ባለበት ይሽከረከራል። ስታወጡት በጥርሱ መሃል የሚያብረቀርቅ ቀጭን የአሉሚኒየም ጥቅልል ይዞ ይመጣል። እሱ ከደቂቃ በፊት የቀዳዳው ጥርስ ነበር።

እዚህ ጋ ቁሙ። "ትንሽ ልጨምርበት" የምትለዋ ሐሳብ ናት ነገሩን የምታበላሸው። የቀረ ደህና ጥርስ ካለ እሱንም ትበሉታላችሁ፤ ከቀዳዳው ግድግዳ የሚላጠው ነገር በበዛ ቁጥርም ጥገናው ይከብዳል።

ፍሬን ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዳንዶቹ ዕቃ ይይዛሉ፤ ካሊፐሩን (ዲስኩን በሸራ የሚነክሰውን ክፍል) ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ) ጋር የሚያስሩት፣ የሸራውን ፒን የሚይዘው፣ የማስተሩን (እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል) ክዳን የሚይዙት ትንንሾቹ። ሌሎቹ ደግሞ የፍሬን ዘይት ያልፍባቸዋል፤ ቱቦው የሚታሰርበት የባንጆ ብሎን ቀዳዳ፣ አየር ማስወጫዋ የምትገባበት ቀዳዳ። የመጀመሪያዎቹ በወጉ ከተሠሩ ይጠገናሉ። እንዲያውም አሉሚኒየሙ ውስጥ የብረት ጥርስ ስለሚገባላቸው ከፋብሪካ ከወጡት ይልቅ ይጠነክራሉ። ሁለተኛዎቹን ግን እኔ ዕቃውን ቀይሩ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ካሊፐር የሚይዝ ብሎን ላይ "ግማሽ ጥርስ ይዞልኛል፣ ይበቃዋል" የሚል ሰው ካለ ቁጥሩን ይስማ። ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 250 ኪሎ ቢመዝኑና በፊት ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ብትቆሙ፣ ጎማውና አስፋልቱ የሚገፋፉበት ኃይል ወደ 2,200 ኒውተን ይደርሳል። ካሊፐሩ ግን ዲስኩን የሚነክሰው ከጎማው ጠርዝ ሳይሆን ወደ መሃሉ ቀረብ ብሎ ነው። የጎማው ራዲየስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሸራው የሚይዝበት ቦታ ደግሞ ከመሃል 13 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ካሊፐሩ ላይ የሚያርፈው ከ5,000 ኒውተን ያልፋል። ግማሽ ቶን ማለት ነው። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ሞተር ላይ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች ናቸው።

ደግሞ ብሎኑ የሚሠራው በጎኑ ተደግፎ አይደለም። ኤም 8 ብሎን፣ ማለትም ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በ25 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ካሊፐሩን ከፎርኩ ጋር አንድ ቶን ተኩል በሚሆን ኃይል ያጣብቀዋል። ካሊፐሩን ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ይህ መጣበቅ ነው። ጥርሱ ከተበላ መጣበቁ የለም። ካሊፐሩ በያንዳንዱ ፍሬን ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ብሎኑ በጎኑ ይመታል፣ ከዚያ ወይ ይፈታል ወይ ይቆረጣል። ሎክታይት ቀቡበት የሚሏችሁም አሉ። ሎክታይት ብሎን ተንቀጥቅጦ እንዳይፈታ ይከለክላል እንጂ የሌለ ጥርስ አይተካም።

መጀመሪያ የተበላውን እወቁ

ብሎኑ ነው ወይስ ቀዳዳው? ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና በልኩ የሆነ ደህና ዳዶ በጣት አስገቡበት። ዳዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለችግር ከሄደ ብሎኑ ደህና ነው፣ ቢሆንም በአዲስ ቀይሩት፤ አንዴ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ተለጥጦ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞ ከፎርክ ጋር ሲወዳደር ዋጋው ኢምንት ነው።

ቀዳዳውን ለማየት በፍሬን ማጽጃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሦስት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። አንደኛው ጥርሱ ሁሉ ጠፍቶ ግድግዳው ለስልሶ ነው። ሁለተኛው ጥርሱ አለ፣ ግን መግቢያው ላይ ያሉት አንድ ሁለቱ ብቻ ተጣመዋል። ይህ ብሎኑ ጠሞ ሲገባ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም በታፕ፣ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ይጸዳል። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የሚያሳልፍ ከሆነ ታፑን ከኋላ በኩል፣ ደህና ከሆነው ጥርስ ጀምራችሁ አስገቡት፤ የጠመመውን ራሱ መስመር ይዞ ያቃናዋል። ከፊት ከጀመራችሁ ግን ታፑም ጠማማውን ተከትሎ ይገባና አዲስ ጠማማ ጥርስ ትሠራላችሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ብሎኑ ከመጀመሪያውም አጭር ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቀደም ሲል ያገኘውን ብሎን አስገብቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥርሶች ብቻ እየያዘ ሲሠራ ኖሮ፣ እነሱ ሲያልቁ ከስር ያልተነካ ጥርስ ይቀራል። የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ርዝመት የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለኤም 8 ማለት 12 ሚሊ ሜትር። ከስር ይህን ያህል ደህና ጥርስ ካለ ትክክለኛው ርዝመት ያለው ብሎን ብቻውን ችግሩን ይፈታል። ረዥም ብሎን ስታስገቡ ግን ጫፉ ማዶ ወጥቶ ዲስኩን ወይም ጎማውን እንዳይነካ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ እዩ። ቀዳዳው ማዶ የማያሳልፍ ድፍን ከሆነ ደግሞ ጫፉ ከታች ይነካና ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ካሊፐሩ ግን ልቅ ነው።

የፋብሪካው ብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ጥንካሬው ነው። በ8.8 ቦታ ከ8.8 ያላነሰ፣ በ10.9 ቦታ 10.9 አስገቡ። የማይዝገው ኤ2-70 የሚሉት ብሎን ዓይን ይስባል፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ጥንካሬው 700 ሜጋ ፓስካል ነው፤ 8.8 ደግሞ 800፣ 10.9 ወደ 1,000። ለፌሪንግ፣ ለሞተሩ የውጭ ሽፋን፣ ይሁንላችሁ። ለካሊፐር አይሆንም።

ልኩን መያዝ

ምንም ሳትገዙ የብሎኑን ውፍረትና በጥርስና ጥርስ መካከል ያለውን ርቀት፣ ማለትም ፒቹን፣ እወቁ። ኤም 8 አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ነው። ኤም 10 ግን ሰው ያሳስታል፤ 1.0 አለ፣ 1.25 አለ፣ 1.5 አለ። በዓይን አይለዩም። የፒች መለኪያ ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌለ ልኩን የምታውቁትን ብሎን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አስገቡት፤ እስከ መጨረሻው ከገጠሙ አንድ ናቸው፣ በብርሃን ፊት ስታዩአቸው መሃላቸው ክፍተት ካለ ይለያያሉ።

ይህ ነገር ቀዳዳ ከሚያስበሉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን እግረ መንገዴን ልናገር። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው የባንጆ ብሎን ብዙ ጊዜ ኤም 10 በ1.25 ነው፣ ብሬምቦ የሚባለው የፍሬን አምራች ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤም 10 በ1.0። ከአንዱ ሞተር ማስተር ከሌላው ቱቦ የሚያገጣጥም ሰው ብሎኑን ያስገባል፤ ሁለት ዙር በጣት ይሄድና ይከብዳል። "አዲስ ስለሆነ ነው" ብሎ ቁልፍ ያነሳል። አለቀ።

ምን ዓይነት ጥርስ ይግባለት?

ሁለት ዋና ምርጫ አለ። አንዱ ሰው ሁሉ ሄሊኮይል የሚለው፣ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተሠራ ጥቅልል ነው። ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን ከቀዳዳው ላይ የሚወስደው አሉሚኒየምም ትንሽ ነው። ሌላው ታይም ሰርትን የመሰለ፣ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው ድፍን የብረት ቡሺንግ ነው። አፉ ላይ ወደ ታች እንዳይሰምጥ የሚከለክል ትንሽ ከንፈር አለው፣ ሲገባም የታችኛው ጥርሱ በመሣሪያው ተለጥጦ ግድግዳው ላይ ይቆለፋል።

የካሊፐር ብሎን ጎማ በተቀየረና ሸራ በተለወጠ ቁጥር የሚፈታ ነው። ብዙ ጊዜ ለሚፈታ ቀዳዳ እኔ ቡሺንጉን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከብሎኑ ጋር ተያይዞ የመውጣት ነገር የለበትም። ጥቅልሉም ግን በደንብ ከገባ ሥራውን ይሠራል፤ እዚህ የምናገረው ስለሱ ነው፣ አብዛኛው ሰው እጅ የሚገባው እሱ ስለሆነ።

ጥቅልሉ በሚሸጥበት ኪት ውስጥ ራሱን የቻለ ታፕ አለ። ተራ ኤም 8 ታፕ ወይም ኤም 10 ታፕ በሱ ቦታ አይሠራም፤ የጥቅልሉን ውጭ የሚቀበል ሰፋ ያለ ታፕ ነው። ለኤም 8 በ1.25 ፑንታው (የድሪሉ መሰርሰሪያ) 8.3 ወይም 8.4 ሚሊ ነው፤ ታፑ ከወጣ በኋላ የቀዳዳው የውጭ ጠርዝ ወደ 9.6 ሚሊ ይደርሳል። ለኤም 10 በ1.25 ፑንታው 10.3 አካባቢ፣ ለኤም 6 በ1.0 ደግሞ 6.3 አካባቢ ነው። ኪቱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ግን እሱን ተከተሉ።

አሁን ቬርኒየር አውጡና ከቀዳዳው ዙሪያ ምን ያህል አሉሚኒየም እንደሚተርፍ ለኩ። ቀዳዳው ያለበት ጆሮ ቀጭን ከሆነና ከታፑ በኋላ በአንዱ በኩል ከ3 ሚሊ በታች የሚቀር ከሆነ እኔ አልነካውም። ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ጥያቄም የለውም፣ ዕቃው ይጣላል። የተበላው ጥርስ ከካሊፐሩ ተለይቶ በሚወጣው መያዣ ብረት ላይ ከሆነም መያዣውን ብቻ መቀየር ስለሚቻል መጀመሪያ የዚያን ዋጋ ጠይቁ። ጥገናው ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው የተበላው ጥርስ ፎርኩ ላይ ሲሆን ነው።

ሥራው

ሞተሩን በማይወድቅበት መንገድ አቁሙ። ጎማውን አውጡ። ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ ወይም በገመድ ከፍሬሙ ጋር እሰሩት። ካሊፐሩ ወጥቶ ሳለ የፍሬን እጀታውን ማንም እንዳይጨብጥ፤ ፒስተኖቹ ተገፍተው ይወጣሉ። ሸራውንና ዲስኩን ከሥራው ቦታ አርቁ።

የጥገናው ሁሉ ነገር ያለው ቀጥ ብሎ መሰርሰር ላይ ነው። ቀዳዳው በጥቂቱ ከተዛነፈ ብሎኑ ጠሞ ይገባል፣ ራሱ በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል፣ ካሊፐሩም ከዲስኩ ጋር ትይዩ አይሆንም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ዕቃውን አውጥታችሁ በቋሚ ድሪል ሥሩት፣ የፎርኩን የታች እግር ጨምሮ። ሞርሳ ላይ ስታስሩት አፉ ላይ እንጨት ወይም ለስላሳ አሉሚኒየም አድርጉ። ቋሚ ድሪል ከሌላችሁ ወፍራም የብረት ቁራጭ ላይ ቶርኖ ቤት በፑንታው ልክ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አስወጡበትና እሱን ጆሮው ላይ በክላምፕ አስራችሁ በሱ ውስጥ ሰርስሩ። በእጅ ድሪል፣ በዓይን ግምት፣ ተንበርክኮ... ካሊፐር ላይ አይሆንም። ይህን ማድረግ ካልተመቻችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱ። ነውር የለውም።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር የተበላው ቀዳዳ ቀድሞውኑ ወደ 8 ሚሊ ስለሰፋ 8.3 ፑንታ የሚቆርጠው በጣም ትንሽ መሆኑን ነው። እንዲህ ሲሆን ፑንታ ይነክሳል፤ እንደ ብሎን ራሱን ወደ ውስጥ ይስባል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ አትግፉት፣ ይልቅ ያዝ አድርጉት። ቀዳዳው ድፍን ከሆነ ጥልቀቱን ቀድማችሁ ለኩና ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በተለይ ቀዳዳው ካሊፐሩ ራሱ ላይ ከሆነ ከጀርባው የፒስተን ቤት ወይም የዘይት መንገድ ሊኖር ይችላል። ምልክቱን ማለፍ የለም።

ለማለስለሻ ነጭ ጋዝ አሉሚኒየም ላይ ጥሩ ይሠራል። ነገር ግን ነጭ ጋዝም ሆነ ማንኛውም የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ካሊፐሩ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች እንዳይነካ። የፍሬን ጎማዎች የተሠሩት ለፍሬን ዘይት ነው፤ ነዳጅ ነክ ነገር ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒስተኑን ይይዘዋል። ካሊፐር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ፒስተንና ጎማዎቹን ቀድማችሁ አውጡ።

ከዚያ ታፑ። አፉን በቀዳዳው ላይ አስቀምጡና ሁለት ዙር ያህል ከገባ በኋላ ትንሽ ስኳድራ ከጎኑ አቁማችሁ እዩ፣ ቀጥሎ ከዚያ ጎን ሩብ ዙር ዞራችሁ ደግማችሁ እዩ። በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ በሌላው ሊያጋድል ይችላል። ካጋደለ አውጡትና ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ በመግፋት አይቃናም። ቀጥ ካለ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያላችሁ ቀጥሉ። ወደ ኋላ ስትመልሱት የተቆረጠው ሲሰበር ትንሽ ጠቅ ሲል በእጃችሁ ይሰማችኋል። ሲከብድ አውጡት፣ አጽዱት፣ ነጭ ጋዝ ጨምሩ። ታፕ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ከብሎኑ የከፋ ችግር ነው የሚሆነው።

ሲያልቅ ቀዳዳውን በፍሬን ማጽጃ እጠቡ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ። መነጽር አድርጉ፤ ከድፍን ቀዳዳ የሚነፋ የብረት ብናኝ በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚመለሰው።

ጥቅልሉን ማስገባት ቀላሉ ሥራ ነው። ለኤም 8 12 ሚሊ ርዝመት ያለውን ምረጡ፣ ጆሮው የሚበቃ ከሆነ። ማስገቢያው ላይ አድርጉት፤ ከጥቅልሉ ግርጌ ወደ መሃል የታጠፈችው ትንሽ ምላስ በማስገቢያው ቁርጥ ውስጥ መቀመጥ አለባት። ወደ ታች ሳትጫኑ አዙሩ፣ ራሱ ይገባል። የላይኛው ጫፉ ከገጹ ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ሲል አቁሙ። ገጹ ላይ ብቅ ብሎ እንዳይቀር፣ ካሊፐሩ እሱ ላይ ያርፍና ገጽ ለገጽ አይገጥምም። ወደ ኋላ አታዙሩት፣ ይፈታባችኋል። ከማስገባታችሁ በፊት የጥቅልሉ ውጭ ላይ ጠብታ ጠንካራ ሎክታይት ብትቀቡ ከብሎኑ ጋር ተያይዞ እንዳይወጣ ይረዳል። ወደ ውስጥ የፈሰሰውን ግን ጥረጉ፣ ከዚያም 24 ሰዓት ተዉት።

ምላሷ ከታች ትቀራለች። ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ፑንች አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቷት፣ ተቆርጣ ትወድቃለች። ቀዳዳው ድፍን ከሆነ ልታወጧት ይገባል፤ ከማይዝግ ብረት ስለሆነች ማግኔት ላይይዛት ይችላል። እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ግራሶ አድርጋችሁ ለጥፋችሁ አውጧት፣ ቀዳዳውንም መልሳችሁ አጽዱ።

ካሊፐሩን ከመመለሳችሁ በፊት ፈትኑት። ብሎኑን በጣት አስገቡ፤ እስከ ታች መሄድ አለበት። ከዚያ ካሊፐሩን ወይም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ነገር አስገብታችሁ በቶርክ ቁልፍ እስከ ሙሉ ልኩ አጥብቁ፣ ፍቱ፣ ደግማችሁ አጥብቁ። ቁልፉ ሲደርስ ጥርት ብሎ መቆም አለበት። ላስቲክ የመሰለ መለጠጥ ካለ፣ ወይም ሁለተኛው ጊዜ ላይ ብሎኑ ከመጀመሪያው አልፎ ከዞረ፣ አልያዘም። አይነዳም።

የዘይት ቀዳዳዎቹስ?

ጎማችሁ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ከምናምን ባር ነው። ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትይዙ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በአስር የሚቆጠር ባር ነው። ይህን የሚያሽገው ጥርሱ አይደለም፤ ጥርስ ይይዛል እንጂ አያሽግም። ባንጆ ብሎን ላይ የሚያሽጉት ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላዎች ናቸው። ስለዚህ ከንፈር ያለው ቡሺንግ እዚያ ካስገባችሁ ዘይቱ በቡሺንጉና በካሊፐሩ መካከል መንገድ አግኝቶ ከሮንዴላው ውጭ ሊወጣ ይችላል። ጥቅልሉ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ግን የብረት ብናኙ የዘይት መንገድ ውስጥ ይገባል። ካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ካልታጠበ ያ ብናኝ የጎማ ማሸጊያውን ይቧጥጣል። ማስተሩ ላይ ደግሞ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ የፒስተኑ መንገድም ቅርብ ነው። ስለዚህ ነው ቀይሩ የምለው።

አየር ማስወጫዋ ሌላ ጣጣ አላት። የምታሽገው ከታች ባለው ሾጣጣ ጫፏ ነው። ቀዳዳውን በፑንታ ስታሰፉ ጫፏ የምታርፍበትን መቀመጫ ትነካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ጥርስ ብታስገቡ ያንጠባጥባል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ መቀመጫውን ጭምር ይዞ የሚገባ ማስተካከያ አለ፤ ከካሊፐሩ ልክ ጋር በትክክል የሚገጥም ካገኛችሁ ያስኬዳል፣ ካልሆነ ካሊፐር ቀይሩ። ቴፍሎን መጠቅለል፣ ብረት ማጣበቂያ መቀባት፣ የመዳብ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ማጥበቅ፣ እነዚህ ሁሉ ፍሬን ላይ ቦታ የላቸውም። በነገራችን ላይ አየር ማስወጫ የምትበላው ሰው ጥርሷ የሚያሽግ መስሎት እንደ ካሊፐር ብሎን ስለሚጨክንባት ነው። ኤም 8 የሆነችው የምትፈልገው ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

የማስተሩ ክዳን ብሎኖች ኤም 4 ወይም ኤም 5 ናቸው፣ ግፊትም የለባቸውም፣ በጥቅልል በቀላሉ ይጠገናሉ። እዚያ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ማጠራቀሚያው ግርጌ ላይ ከአንድ ሚሊ የምታንስ ቀዳዳ አለች፤ እጀታውን ስትለቁ ዘይቱ የሚመለሰው በሷ ነው። አንዲት የአሉሚኒየም ብናኝ ገብታ ከዘጋቻት ዘይቱ ሲሞቅ መመለሻ ያጣል፣ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይቀራል፣ መንገድ ላይ ጎማው ራሱን ሊቆልፍ ይችላል። ስለዚህ ማስተሩን ከመሪው አውጥታችሁ፣ ዘይቱን አፍስሳችሁ፣ ግልብጥ አድርጋችሁ አፉን ወደ መሬት ይዛችሁ ከስር ሰርስሩ፣ ሲያልቅም ማጠራቀሚያውን እጠቡ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ታንኩን ሸፍኑ፣ የፈሰሰውን በውኃ ቶሎ እጠቡ።

መልሶ ማሰር

ብሎኑን ሁልጊዜ በጣት ጀምሩ። አፉ ላይ አስቀምጡና መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ትንሽ ጠቅ ብሎ ይወድቃል። ከዚያ ወደ ፊት። ሦስት አራት ዙር በጣት ካልሄደ ቁልፍ አታንሱ፣ የሆነ ነገር ተጣሟል። ሁለቱንም የካሊፐር ብሎኖች በጣት ካስገባችሁ በኋላ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማሳደድ ጥርስ ያጣምማል።

ልኩ የሞተራችሁ ማንዋል ላይ ያለው ነው። ለግምት ያህል ኤም 8 የካሊፐር ብሎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30፣ ኤም 10 ደግሞ ከ35 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ነው። የማስተሩ ክዳን ወደ 1.5 ብቻ፤ ካቻቢቴውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ማለት ነው። ማንዋሉ ያለ ዘይት የሰጠውን ልክ ጥርሱን ዘይት ቀብታችሁ ከተጠቀማችሁ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይሳባል፣ ስለዚህ ግራሶ ወይም ዘይት መቀባት ያለበት ማንዋሉ ካዘዘ ብቻ ነው። የባንጆውን ቱቦ ፈትታችሁ ከሆነ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ አየሩንም አስወጡ።

ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ። ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት የነካው ሸራ ካለ አይታጠብም፣ ይቀየራል። እጀታውን እየደጋገማችሁ ጨብጡ፣ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ፤ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተው ከሆነ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው፣ ይህን ደግሞ መንገድ ላይ ማወቅ አትፈልጉም። ከዚያ የብሎኑ ራስ ላይ ጀምራችሁ ካሊፐሩ ላይ የምታልፍ አንዲት የቀለም መስመር አስምሩ። ሰው በሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ጠንከር ጠንከር እያደረጋችሁ ፍሬን ያዙ፣ ውረዱና መስመሯን እዩ። ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል። ካልተሰበረች ካሊፐሩ ሲቀዘቅዝ በቶርክ ቁልፍ ልኩን አንዴ አረጋግጡ፣ ሸራ በምትቀይሩበት ጊዜ ደግሞ ያንን ብሎን ስትፈቱ ጥቅልሉ ተከትሎት እንዳልወጣ ተመልከቱ።